ፍጥነት የማይለካበት የፈረስ ውድድር፤ ጎልማሳ ጀማሪ በድሬሳዥ ምን ይጠብቀዋል?

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ሕዝብ የሚያደንቀው ፈረሰኛ ሽምጥ የሚጋልብ፣ በጉግስ የሚገጥም፣ ፈረሱን በጌጥ ያንቆጠቆጠ ፈረሰኛ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበር ያቆየው ይህ ትውፊት የጀግንነት መታሰቢያ ነው። በመሆኑም ፍጥነት፣ ድፍረትና ግርማ የአንድ ፈረሰኛ መለኪያ ሆነው ኖረዋል። በዓለም ላይ ግን ከዚህ ፍጹም የተለየ የፈረስ ውድድር አለ። በዚያ ውድድር ቀድሞ የደረሰ አያሸንፍም፤ ግጥሚያም ሆነ ዝላይ የለም። ፈረሱና ጋላቢው አንድ በአንድ ወደ ጸጥተኛ ሜዳ ይገባሉ፤ ዳኛው የሚመለከተውም ፈረሱ ምን ያህል በእርጋታ፣ በፈቃደኝነትና በተስተካከለ ምት እንደሚራመድ ነው። ውድድሩ ድሬሳዥ ይባላል።

ይህ ስፖርት ሌላም ልዩ ባሕርይ አለው። በልጅነቱ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ የ30፣ የ40 ወይም የ50 ዓመት ሰው ከመነሻው ጀምሮ ተምሮ፣ በይፋ ተወዳድሮ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በርካታ ጎልማሶች ከሥራ ሰዓት ውጪ ይህንኑ ያደርጋሉ። ሆኖም ጎልማሳው የሚከፍለው ዋጋ ገንዘብና ጊዜ ብቻ አይደለም። ጋላቢው በችኮላ የሚሠራውን ስሕተት በአፉና በጀርባው የሚሸከመው ፈረሱ ነውና፣ የስፖርቱ ትልቁ ጥያቄ «ምን ያህል ቶሎ እወዳደራለሁ?» የሚለው ሳይሆን «ፈረሱን ሳልጎዳ እንዴት እማራለሁ?» የሚለው ነው።

ድሬሳዥ ምንድን ነው?

ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ማሠልጠን፣ መግራት እንደማለት ነው። መሠረቱ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው የጦር ሰውና ጸሐፊ ዜኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ ባዘጋጀው መጽሐፍ ፈረስ በጭካኔ ሳይሆን በትዕግሥትና በማበረታታት መሠልጠን እንዳለበት አስተምሯል። በኋላም የአውሮፓ ነገሥታትና የጦር ሠራዊቶች ፈረሶቻቸውን በጥብቅ ሥርዓት ማሠልጠን ያዙ። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሚታወቀው የቪየናው የስፓኝ የግልቢያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ነጫጭ የሊፒዛነር ፈረሶችን ያሠለጥናል፤ ጥበቡም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

በጦር ሜዳ አንድ እጁ በመሣሪያ የተያዘ ፈረሰኛ ፈረሱን በጉልበት ሲጎትት መዋል አይችልም። ፈረሱ በትንሽ ምልክት መቆም፣ መዞር፣ ወደ ጎን መራመድና ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት። በአገራችንም የፈረስ ዋጋ በዚሁ መጠን ከፍ ያለ ስለነበር ነገሥታቱና የጦር አበጋዞቹ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነፍሶ ባልቻ እንዲሉ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው አባባል ግን ሥራውን ሁሉ ለፈረሰኛው ይሰጣል። ድሬሳዥ ይህን ሚዛን ይለውጠዋል፤ ሥራው የሁለቱም ነውና አንዱ ያለ ሌላው ነጥብ አያገኝም።

ድሬሳዥ ወደ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት መወዳደር የሚችሉት የጦር መኮንኖች ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 በለንደን የስዊድን ቡድን የወርቅ ሜዳልያ ካገኘ በኋላ ከአባላቱ አንዱ መኮንን ሳይሆን የበታች ሹም እንደነበር በመረጋገጡ ውጤቱ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተሻሻለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1952 የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ጀምሮም ሲቪሎችና ሴቶች እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። ዛሬ ወንዶችና ሴቶች በአንድ ሜዳ፣ በአንድ መመዘኛ፣ ያለ ምንም ልዩነት ይፎካከራሉ።

ሜዳውና የነጥብ አሰጣጡ

የድሬሳዥ ሜዳ አራት ማዕዘን ነው። ለጀማሪዎች በአብዛኛው 20 ሜትር በ40 ሜትር፣ ለከፍተኛ ደረጃ ደግሞ 20 ሜትር በ60 ሜትር ይሆናል። ትልቁ ሜዳ እንኳ የሩብ ሄክታርን ግማሽ አይሞላም። በሜዳው ዙሪያ የላቲን ፊደላት የተጻፉባቸው ምልክቶች ይቆማሉ። ጋላቢው «ኤ» በተባለው በር ይገባል፤ ዋናው ዳኛ በተቃራኒው ጫፍ «ሲ» ላይ ይቀመጣል። በሜዳው መካከል ያለው ነጥብ «ኤክስ» ይባላል።

እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አስቀድሞ የታወቀና የተጻፈ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ይፈጽማል። ለምሳሌ በሶምሶማ መግባት፣ መካከል ላይ ቆሞ ሰላምታ መስጠት፣ ወደ ቀኝ መዞር፣ 20 ሜትር ስፋት ያለው ክብ መሥራት፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ መመለስ ሊሆን ይችላል። ዳኛው ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ዜሮ ማለት እንቅስቃሴው አልተፈጸመም፣ 5 በጠባቡ በቂ ነው፣ 6 አጥጋቢ ነው፣ 8 ጥሩ ነው፣ 10 እጅግ የላቀ ነው ማለት ነው። ነጥቦቹ ተደምረው በመቶኛ ይሰላሉ። 20 እንቅስቃሴዎች ባሉበት ውድድር ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛ ድምር 200 ቢሆንና ጋላቢው 124 ቢያገኝ ውጤቱ 62 በመቶ ይሆናል። ይህም ለጀማሪ የሚያኮራ ውጤት ነው።

ከዳኛው አጠገብ የሚቀመጥ ጸሐፊ የዳኛውን አጭር አስተያየት ከነጥቡ ጎን ያሰፍራል። «ክቡ ጠቧል»፣ «ፈረሱ ተቻኩሏል»፣ «ቆሞ አልረጋም» የሚሉ ማስታወሻዎች በዚያ ወረቀት ይገኛሉ። ተወዳዳሪው ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ፣ ቢሸነፍም እንኳ በቀጣዩ ወር ምን ማረም እንዳለበት ያውቃል። ጎልማሳ ጀማሪዎችን ወደዚህ ስፖርት ከሚስቡት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሰው የሚፎካከረው ከጎኑ ካለው ጋላቢ ይልቅ ካለፈው ውጤቱ ጋር ነው።

ሦስቱ አካሄዶችና የሰጋር ፈረስ ጥያቄ

ድሬሳዥ በሦስት ተፈጥሯዊ አካሄዶች ላይ ይመሠረታል። የመጀመሪያው ተራ እርምጃ ሲሆን አራቱ እግሮች በየተራ ስለሚያርፉ አራት ምት ይሰማል። ሁለተኛው ሶምሶማ ነው፤ የፊት ቀኝ እግር ከኋላ ግራ፣ የፊት ግራ እግር ከኋላ ቀኝ ጋር በጥንድ እየተነሡ ሁለት ምት ይሰጣሉ። ሦስተኛው ደንገላሳ ነው፤ ሦስት ምት ይሰማና ፈረሱ አራቱንም እግሮቹን ለአፍታ ከመሬት ያነሣል። ሽምጥ ግልቢያ በድሬሳዥ ውስጥ ቦታ የለውም።

የእኛ አገር ባለፈረስና ባለበቅሎ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ስግሪያ ግን ከእነዚህ ውጪ ነው። ሰጋር በቅሎ ወይም ፈረስ በአንድ ወገን ያሉትን እግሮች አከታትሎ ስለሚያነሣ ጀርባው አይነጥርም፤ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ምቾት አለው። በድሬሳዥ ግን ፈረሱ በእርምጃው ጊዜ የአንድ ወገን እግሮቹን አንድ ላይ ማንሣት ከጀመረ አራቱ ምት ስለሚጠፋ ዳኛው ከባድ ጉድለት አድርጎ ይመዘግበዋል። ይህ ማለት ሰጋር ፈረስ ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይደለም። አንድ አካሄድ ለመንገድ፣ ሌላው ለውድድር እንደሚመረጥ ብቻ ያሳያል።

በነጥብ አሰጣጡ ዋናው ነገር ምት መጠበቅ ነው። የጀርመን አሠልጣኞች የፈረስን ሥልጠና በስድስት ደረጃዎች ይከፍሉታል። እነርሱም የተስተካከለ ምት፣ ከውጥረት ነፃ መሆን፣ በዛቡ በኩል ለስላሳ ግንኙነት፣ ከኋላ እግር የሚነሣ ኃይል፣ ቀጥ ብሎ መሄድና በመጨረሻም ክብደትን ወደ ኋላ እግር ሰብስቦ መሸከም ናቸው። የመጨረሻው ለዓመታት የሚሠራበት ነው። ጀማሪ ጋላቢ የሚጠየቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ነው።

ዕድሜ ምን ያህል ያግዳል?

በሩጫ፣ በእግር ኳስ ወይም በዋና ስፖርት የ40 ዓመት ሰው ዕድሜው ያለፈበት ነው። በድሬሳዥ ግን ጉልበት ሁለተኛ ነገር ነው። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ በፈረስ ዝላይ ተወዳድሮ ነበር። ከዚያ በኩባንያ ሥራ ኃላፊነት ላይ ለረጅም ዘመን ቆይቶ፣ ከ44 ዓመታት በኋላ በ2008 በድሬሳዥ ወደ ኦሊምፒክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ሲወዳደርም ዕድሜው 71 ነበር።

ዴንማርካዊቷ ሊዝ ሃርቴል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1944 በልጅነት ልምሻ ተይዛ ከጉልበቷ በታች ያለው የእግሯ ክፍል ሽባ ሆነ። መራመድን እንደገና ተማረች፤ ፈረስ ላይ መቀመጥንም እንደ ጀማሪ እንደገና ጀመረች። ወደ ፈረሱ ስትወጣም ስትወርድም ሰው ይደግፋት ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በተፈቀደላቸው የኦሊምፒክ ድሬሳዥ የብር ሜዳልያ አገኘች፤ በ1956ም ደገመችው። የታችኛው እግሯ ለፈረሱ ምልክት መስጠት ስለማይችል በአቀማመጧና በክብደቷ ሚዛን ትነግረው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ድሬሳዥ የፓራሊምፒክ ስፖርትም ሆኗል።

ሁለቱም ከልምዳቸው በፊት ጋላቢዎች ስለነበሩ ጎልማሳ ጀማሪ በጥቂት ዓመት እዚያ ይደርሳል ማለት አይደለም። ታሪካቸው የሚያስረዳው ዕድሜና የአካል ጉዳት በሩን እንደማይዘጉ ነው። ጎልማሳ ከልጅ የሚያንስበት ነገር አለ፤ ወገቡና ታፋው ይጠጥራል፣ መውደቅን ይፈራል፣ የሚለማመድበት ጊዜም ጠባብ ነው። የሚበልጥበትም አለ፤ የተነገረውን ምክንያቱን ይጠይቃል፣ መመሪያ አንብቦ ይረዳል፣ ትዕግሥትም ያውቃል።

ጀማሪው በመጀመሪያ የሚማረው

ጥሩ የግልቢያ ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪን በመጀመሪያው ቀን ኮርቻ ላይ አስቀምጦ ዛብ አያስጨብጠውም። ትምህርቱ ከመሬት ይጀምራል። ፈረሱን ከበረቱ ማውጣት፣ መቦረሽ፣ ሰኮናውን ማንሣትና ማጽዳት፣ ኮርቻና ልጓም ማድረግ፣ በግራ ጎን ሆኖ መምራት ይማራል። ከብት ያሳደገ ገበሬ ይህን ክፍል ከከተሜው ይልቅ ቶሎ ይለምደዋል፤ እንስሳ ከመቆጣቱ በፊት በጆሮው፣ በጅራቱና በዓይኑ የሚሰጠውን ምልክት ማንበብ ያውቃልና።

ቀጥሎ የሚመጣው በረጅም ገመድ የሚደረገው ልምምድ ነው። አሠልጣኙ መካከል ላይ ቆሞ ፈረሱን በገመድ ይዞ በክብ ያዞረዋል፤ ተማሪው ፈረሱን የመምራት ኃላፊነት ስለሌለበት ሙሉ ሐሳቡን በአቀማመጡ ላይ ያሳርፋል። አንዳንድ ጊዜ ያለ እርካብ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ ይቀመጣል። ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌና ተረከዝ ከጎን ሲታዩ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ እንዲሆኑ ይጠበቃል። በሶምሶማ ጊዜ ከፈረሱ ምት ጋር ከኮርቻው መነሣትና መቀመጥን ይለማመዳል።

የዚህ ልምምድ ዓላማ አንድ ነው። ሚዛኑን ያጣ ሰው በእጁ ያለውን ነገር አጥብቆ ይይዛል። ጋላቢ በእጁ የያዘው ዛብ ነው፤ ዛቡ ደግሞ በፈረሱ አፍ ውስጥ ካለው ብረት ጋር የተያያዘ ነው። የፈራ ጀማሪ በዛቡ ላይ በተንጠለጠለ ቁጥር ፈረሱ በምላሱና ጥርስ በሌለው የድድ ክፍሉ ላይ ሕመም ይሰማዋል። ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ቢወረውር፣ አፉን ቢከፍት ወይም ቢሸሽ «ክፉ ፈረስ» ይባላል፤ ጥፋቱ ግን የእጅ ነው። ስለዚህ ጎልማሳው ዛብ የሚሰጠው ያለ ዛብ መቀመጥ ሲችል ነው።

ከዚያ በኋላ ጋላቢው በአራት መንገድ ከፈረሱ ጋር መነጋገርን ይማራል፤ በመቀመጫው፣ በእግሩ፣ በእጁና በድምፁ። በልምምድ ጊዜ ድምፅ ጠቃሚ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ በውድድር ጊዜ ግን መናገርና በምላስ ድምፅ ማሰማት ነጥብ ያስቀንሳል። በዚህም ምክንያት ጥሩ የድሬሳዥ ጋላቢ ለተመልካች ምንም የማይሠራ ይመስላል። ምልክቱ እየረቀቀ ሲሄድ ፈረሱ ብቻ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ውድድር

በብዙ አገሮች የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ እርምጃንና ሶምሶማን ብቻ ይጠይቃል። ደንገላሳ የሚመጣው በቀጣዩ ደረጃ ነው። በዝቅተኛ ደረጃዎች ውድድሩን በቃል ማጥናት ለማይችል ጋላቢ ሌላ ሰው ከሜዳው ውጪ ቆሞ እንቅስቃሴዎቹን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብለት ይፈቀዳል። መንገድ የሳተ ጋላቢ ደወል ይደወልለታል፤ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ነገር ግን ከተሳሳተበት ቦታ ይቀጥላል።

የራስ ፈረስ መኖርም ግዴታ አይደለም። ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ፈረስ ሊወዳደሩ ይችላሉ። ለጀማሪ የሚመረጠውም ወጣትና ትኩስ ፈረስ ሳይሆን ብዙ ያየ፣ የበሰለና የረጋ ፈረስ ነው። አዲስ ጋላቢ ከጥሬ ፈረስ ጋር ሲገናኝ የሚያስተምር አይኖርም፤ ሁለቱም ይፈራሉ፣ ሁለቱም መጥፎ ልማድ ይይዛሉ።

ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በከፍተኛው የግራን ፕሪ ደረጃ ፈረሱ በቦታው ሆኖ እግሩን በምት ያነሣል፣ በደንገላሳ በየርምጃው መሪ እግሩን ይለዋውጣል፣ በኋላ እግሮቹ ላይ ተሰብስቦ በጠባብ ቦታ ይዞራል። አንድ ፈረስ በዚህ ደረጃ በዓለም አቀፍ መድረክ ለመወዳደር ቢያንስ 8 ዓመት ሊሞላው ይገባል። አብዛኛው ጎልማሳ እዚያ አይደርስም፤ መድረስም አይጠበቅበትም። በየደረጃው 60 በመቶን በተደጋጋሚ ማግኘት ወደ ቀጣዩ ለመሄድ ዝግጁ የመሆን ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

ክብደት፣ ኮርቻና ልጓም

ጎልማሳ ከልጅ የሚለይበት አንዱ ግልጽ ነገር ክብደቱ ነው። የእንስሳት ሐኪሞችና አሠልጣኞች እንደ መነሻ የሚጠቀሙበት ሚዛን የጋላቢውና የኮርቻው ክብደት ተደምሮ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ የሚል ነው። ይህ ለድሬሳዥ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ለገበያና ለመንገድ ፈረስ ለሚጠቀም ሰውም ይጠቅማል።

ሚዛን በሌለበት የፈረስን ክብደት በሜትር መገመት ይቻላል። በመጀመሪያ ከፊት እግሮቹ ጀርባ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር መለካት፣ ቀጥሎ ከፊት ትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ጫፍ ርዝመቱን መለካት ያስፈልጋል። የደረቱ ዙሪያ በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ በርዝመቱ ይባዛል፤ ከዚያም ለ11,900 ይካፈላል። የደረቱ ዙሪያ 145፣ ርዝመቱ 140 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ በዚህ ስሌት ወደ 247 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አንድ አምስተኛው 49 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ ግራም ኮርቻ ጨምሮ ሲቀመጥ ጠቅላላው 73 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ለዚህ ሸክም የሚመጥነው 365 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ ነው። የአገራችን ፈረሶች በቁመታቸው አጠር ያሉ ስለሆኑ ይህ ስሌት ቸል ሊባል አይገባም። ከባድ ሰው ትንሽ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ጉዞውን ማሳጠር፣ ዳገት ላይ መውረድና በየመሐሉ ማሳረፍ ይጠበቅበታል።

ኮርቻው በአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ እንጂ በአከርካሪው አጥንት ላይ ማረፍ የለበትም። ከፊት ሲያዩት በጋማው ግርጌ ካለው ጉብታ በላይ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ከግልቢያ በኋላ ኮርቻው ሲነሣ ላቡ በሁለቱም ወገን እኩል ቢሆን መልካም ነው፤ መካከል ላይ ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ቢታይ እዚያ ከልክ በላይ ጫና እንደነበረ ሊያመለክት ይችላል። በጀርባ ላይ የሚታዩ ነጫጭ የጸጉር ነጥቦች ደግሞ በአብዛኛው ቀድሞ የዳነ ቁስል ምልክት ናቸው። ፈረስ የሚገዛ ሰው የጥርሱን ያህል እነዚህንም ማየት ይኖርበታል።

ልጓሙ በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጠፍር ካለው ከጠፍሩ ሥር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መተው የቆየ ደንብ ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር በፈረሱ አፍ ወይም ጎን ላይ ትኩስ ደም ከታየ ተወዳዳሪው ይሰናበታል። ይህ ሁሉ ቢኖርም ስፖርቱ ከወቀሳ ነፃ አይደለም። በከፍተኛ ደረጃ ያሉ ጋላቢዎች በልምምድ ጊዜ ፈረስን በአለንጋ ሲመቱ የሚያሳዩ ምስሎች ወጥተው ቅጣት ተጥሎባቸዋል። ሕዝብም «ፈረሱ የሚታዘዘው ወድዶ ነው ወይስ ፈርቶ?» ብሎ መጠየቁን ቀጥሏል። ጀማሪ ትምህርት ቤት ሲመርጥ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ቢሄድ አይሳሳትም። የፈረሶቹ ጀርባ ቁስል የሌለው መሆኑን፣ ሰው ሲቀርባቸው ጆሯቸውን ወደ ኋላ አጣብቀው የሚሸሹ አለመሆናቸውን፣ አሠልጣኙም ፈረሱ ሲሳሳት በመጀመሪያ ጋላቢውን የሚያርም መሆኑን ማየት ይችላል።

የጋላቢው ደኅንነት

ድሬሳዥ ዝላይ ባይኖረውም አደጋ አለው። ፈረስ በባሕርዩ አዳኝን የሚሸሽ እንስሳ ነው፤ በነፋስ የተነሣ ፌስታል እንኳ ሊያስደነግጠው ይችላል። የራስ ቁር ማድረግ የመጀመሪያው ግዴታ ነው። ቀደም ሲል በከፍተኛ ውድድሮች ረጅም ባርኔጣ ይደረግ ነበር፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን በዓለም አቀፍ ውድድር የራስ ቁር ለሁሉም ግዴታ ሆኗል። በመውደቅ ጊዜ ራሱን የተመታ ሰው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ወዲያው ዳግም መጋለብ የለበትም፤ በሐኪም መታየት አለበት።

ጫማው ትንሽ ተረከዝ ያለው መሆን ይገባዋል፤ ይህም እግር በእርካቡ ውስጥ አልፎ እንዳይሰካና ጋላቢው ሲወድቅ እንዳይጎተት ይጠብቃል። በእጅ ላይ ገመድ ጠቅልሎ ፈረስ መምራትም በጥብቅ የተከለከለ ነው። ፈረሱ ቢደነግጥ ጣት ወይም እጅ ሊቆርጥ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ጥንቃቄ ከውድድር ሜዳ ይልቅ በየገጠሩ መንገድ፣ ፈረስና በቅሎ ለሚጎትቱ ልጆችና አዋቂዎች ይበልጥ ያስፈልጋል።

ለአገራችን ባለፈረስ የሚተርፈው

ኢትዮጵያ በፈረስ ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑ አገሮች አንዷ ናት። ተመራማሪዎች የአገሪቱን ፈረሶች አቢሲኒያ፣ ባሌ፣ ሰላሌና ኩንዱዶን ጨምሮ በስምንት ይመድቧቸዋል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በጋሪ፣ በሸክም፣ በመጋለቢያና በአንዳንድ ደጋማ አካባቢ በእርሻ ላይ ያገለግላሉ። የድሬሳዥ ሜዳ፣ የውጭ አገር ኮርቻና ውድ ፈረስ በየወረዳው አይገኝም፤ ስፖርቱም በአብዛኛው የአውሮፓውያን ሆኖ ይቀጥል ይሆናል። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን በሚኖሩበት ከተማ ዳርቻ በሚገኝ የግልቢያ ትምህርት ቤት በትምህርት ክፍያ ብቻ ሊጀምሩት ይችላሉ።

እዚህ ላለው ባለፈረስ ደግሞ የሥልጠናው ሐሳብ ገንዘብ አይጠይቅም። 20 ሜትር በ40 ሜትር የሆነ ደልዳላ የግጦሽ መሬት፣ በማዕዘኖቹ ላይ የተተከሉ አራት ካስማዎችና በቀን ግማሽ ሰዓት ለመጀመር ይበቃሉ። ፈረሱን አሥር ደቂቃ በእርምጃ ማፍታታት፣ በሶምሶማ ክብ መሥራት፣ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መዞር፣ በተመረጠ ካስማ አጠገብ ያለ መጎተት ማቆም፣ ትንሽም ቢሆን በትክክል ሲፈጽም ዛቡን ላላ አድርጎ ማሳረፍ ይቻላል። ፈረስ የሚማረው ጫናው በሚነሣበት ቅጽበት ነው። ጫናውን በጊዜው የማያነሣ ጋላቢ ፈረሱን ምንም ሳያስተምር ያደክመዋል።

በዚህ መንገድ የሠለጠነ ፈረስ በገበያ ግርግር አይደናበርም፤ በጠባብ ድልድይ ላይ ይቆማል፤ ጋሪ ሲጎትትም በልጓሙ ስለማይቆስል ለረጅም ዓመት ያገለግላል። ፈረስ ለመጋለብ ዕድሜው አልፏል ብሎ የሚያስብ ሰውም የሚጀምርበት ቦታ አለው። ከመውጣቱ በፊት የፈረሱን ደረትና ርዝመት ይለካ፣ ጀርባውን በእጁ ይዳብስ፣ ኮርቻውን ፈትሾ ያስተካክል። ከወጣ በኋላም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለእርምጃ ብቻ ይስጥ። ሶምሶማውም ሆነ ደንገላሳው ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል።